የሰባት ቁጥር ነጂ

አሥራ ስድስት ሳምንት ሰጠኝ መንግሥታቸው፤
ቆጥሬ ተቀበልኩ፣ ቆጥሬ ጨረስኳቸው።
በአሥራ ሰባተኛው፣ ሰኞ፣ ገና ሳይነጋ፣
ጡቴን ከምንታምር አፍ አላቅቄ ከአልጋ
ተነሣሁ። የደንብ ልብሱ ቁልፍ አልገጥም አለኝ፤
ደረቴ ከእሷ ጋር የተማማለ መሰለኝ።

ሮተርዳም ዝናብ ነው፤ ዝናቡም አግድም ነው፣
ጃንጥላ ገልብጦ እጀታ የሚያስቀረው።
ሐብቴ ከወደቡ፣ ከሌሊት ፈረቃ፣
ዘይት ዘይት እየሸተተ ሲመጣ፣ እኔ ዕቃ
ይዤ፣ ደጃፍ ተላለፍን፤ ሰላምታም አልነበር፦
«በልታለች?» «አልበላች።» «ጠርሙሱስ?» «ከወንበር።»
ባልና ሚስት ነን፤ ግን ከኅዳር ወዲህ
አንድ አልጋ የምንተኛው በየተራ ነው፣ እንዲህ።

አርባ ቶን ብረት ነው የምነዳው እኔ፤
እግሬ ፔዳሉ ላይ፣ ሐዲዱ ላይ ዓይኔ።
እግሬ ከላዩ ሲነሣ ባቡሩ ቀጥ ይላል፤
«ነጂው ሞቷል» ብሎ ብረቱ ያስባል።
ስንት ጊዜ ቃጣኝ ላነሣው ያን እግር!
ለመሞት አይደለም፤
                    ለመመለስ ነበር።

አንድ ቀን ድልድዩ ተነሣ፣ መርከብ ሊያሳልፍ፤
ተሳፋሪ ጭኜ ቆምኩኝ ከወንዙ አፋፍ።
ከኋላዬ ወንበር የሰው ልጅ አለቀሰ፤
የእኔ ጡት ግን ሰማ፣ ሸሚዜን አራሰ።
ወተት ዘር አይለይም፣ ስምም አይጠይቅ፤
ማንም ሕፃን ቢጠራው «አቤት» ነው የሚያውቅ።
ካፖርቴን ደረቴ ላይ አጥብቄ አስሬ
«ቀጣይ ፌርማታ…» አልኩኝ፣ ድምፄን አስተካክሬ።

መጨረሻው ጣቢያ ላይ፣ አሥራ ሁለት ደቂቃ፤
በመጥረጊያ፣ በባልዲ፣ በማጽጃ ዕቃ
መካከል ተቀምጬ ወተቴን አለብኩ።
ራሷን የምታልብ ላም አይቼ አላውቅም፤
ያን ቀን ግን አየሁኝ፣ ሳልስቅም አልቀረሁም።
ቪሌም፣ አለቃችን፣ ቢከፍተው በሩን
ቲማቲም አስመስሎ ያን ነጭ ፊቱን
ዘጋውና ሄደ። በማግስቱ ብመጣ
በሩ ላይ መወርወሪያ፤ ከወንበሩም ላይ ትራስ።
ማን እንዳደረገው እስከ ዛሬ ድረስ
አልተነጋገርንም።

ልጄን የምትይዘው ፊሎሜና ናት፤
ኬፕ ቨርዴ ተወልዳ እዚህ ያረጀች እናት።
ማታ ማታ ወረቀት ትሰጠኛለች፦
«ካሮት በላች። ሁለት ሰዓት ተኛች። አስነጠሰች።»
የልጄን ቀን ሳነበው፣ ልክ እንደ ደረሰኝ፣
ሒሳቡ ትክክል ነው፤ ዕቃው ግን ጎደለኝ።
ጥርሷን መጀመሪያ ያየች ፊሎሜና፤
ሳቋን ሐብቴ ሰማ። የእኔ ድርሻ ትኩሳት ሆነና
እስኪነጋ ድረስ ታቅፌያት ቆምኩኝ፤
እሷ ተኛችና እኔ ባቡር ነዳሁኝ።

ሐሙስ ማታ ደግሞ፣ ወረቀቱ ላይ አንድ መስመር
በእስክሪብቶ ተሰርዞ፣ ተሞነጭሮ ነበር።
«ምንድን ነው?» ብላት «ተሳስቼ ነው» አለች፤
ዓይኗን ወደ ሕፃናቱ ጫማ መለሰች።

እሑድ፣ በሐምሌ፣ ፀሐይ አንድ ቀን ብትወጣ፣
ምንታምር የሶፋውን ጫፍ ለቅቃ ተነሥታ
መጣች! ሦስት እርምጃ፣ አራት… ወደቀች ጭኔ ላይ።
ጮኽኩኝ፤ ሐብቴ ነቃ፤ ጎረቤት ወጣ ሊያይ።
ለፊሎሜና ደወልኩ፦ «ሄደች! ልጄ ሄደች!»
«እውነት? የመጀመሪያዋ!» አለች፤ ቸኮለች።
ትንሽ ቸኮለች።

ለእናቴም ደወልኩላት፣ ኮምቦልቻ። ዝም አለች።
«አንቺ ስትሄጂ» አለችኝ፣ «እኔ ፋብሪካ ነበርኩ፤
ክር ስቀጥል። ጎረቤቴ ነገረችኝ ማታ፤
‹ደስ ይላል› አልኳትና ጓሮ ዞሬ አለቀስኩ።»

ወረቀቱን አወጣሁ፣ በመስኮቱ ብርሃን አየሁት፤
ከስርዙ ሥር «ዛሬ ሦስት እርም…» ይላል።
አጠፍኩት፤ ከደንብ ልብሴ ኪስ ከተትኩት።
አልጠይቃትም።

ነገ ሰኞ ነው። ፊሎሜና ጠዋት
ሦስተኛው ፌርማታ ላይ፣ በዚያች ቢጫ ኮት
ቆማ ትጠብቃለች። ያለ ምክንያት፣
ማንም ሐዲዱ ላይ ሳይኖር፣
ደወሉን ሁለት ጊዜ እመታላታለሁ።